ባለ ሦስት ቀለሙ በረዶ

እትዬ በረዶን የገደላት ሰው ዘጠኝ ጊዜ ነው የመታት። አንዴ መትቶ የጣለ ደንግጦ ነው ይባልለታል፤ ሁለቴ የደገመም ተናዶ ነው ይባልለታል። ዘጠኝ ጊዜ ያወረደ ግን ሥራዬ ብሎ ይዞታል ማለት ነው። በገዛ እንጨቷ ነው ደግሞ፤ ማንጎ በምትደፈጥጥበት፣ ክንድ በሚያህለው ወፍራም እንጨት። ሐኪሙ ሲቆጥር ሰባቱን ጭንቅላቷ ላይ አገኛቸው፣ ሁለቱን ፊቷን ልትከልል ባነሳችው ክንዷ ላይ። ሦስት ጥርሷ ከምድጃው ሥር ተለቀመ። ደሙ ከወለሉ አልፎ፣ ግድግዳውን ወጥቶ፣ መስኮቱ ድረስ ተረጭቷል።

በዚያች የወጥ ቤት መስኮት የጁስ በረዶ ስትሸጥ ሃያ ዓመት ሆኗታል። ፍራፍሬውን ትጨምቃለች፣ በፎርማ ትቀዳለች፣ እንጨት ትሰካበታለች፣ ፍሪዘር ውስጥ ትከታለች፤ ሲደርቅ ልጁም አዋቂውም እየላሰ ይሄዳል። ቅዳሜ ቅዳሜ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ መስኮቱ ይከፈታል። የዚያን ቅዳሜ ልጆቹ ቢያንኳኩ ቢያንኳኩ የሚከፍት ጠፋ። ምራቷ ከጓሮ ክፍሏ ሕፃኗን አስተኝታ ወጣችና ምን ሆና ነው ብላ ገባች። ከዚያ ጩኸቷ ተሰማ። ሰው ተንጋግቶ ሲገባ አሮጊቷን ጭኗ ላይ አስደግፋ፣ የተፈረከሰውን ጭንቅላት በሁለት እጇ ልትገጥም ስትታገል አገኟት። ቀሚሷ ከደረቷ እስከ ጉልበቷ ደም ነው።

በቃ፣ ለሰፈር ሰው ይኼ ይበቃዋል። ጎረቤቷ ልብስ ሰፊዋ አርብ ዕለት ምራትና አማት ሲጣሉ ሰምታለች፤ ምራቷ «እጅሽ ይሰበር» ስትላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ ብላ እዚያው ጮኸች። አንዱ ድንጋይ ወረወረ፣ ሌላው ተከተለው። ልጅቷ ቅንድቧ ተሰነጠቀ። ሰባት ሰዓት ላይ የእትዬ በረዶ ታናሽ ወንድም ደረሰ። ሱፍ ሻጭ ነው፤ ከፀጉሩ እስከ ጫማው እንደተወለወለ የሚውል፣ ሰፈሩ ሽቅርቅሩ የሚለው። ከእጮኛው ጋር ፎቶ ቤት ነበርኩ አለ። እህቱን አየ፣ ከዚያ ምራቲቱን በግራ እጁ ጀርባ ደጋግሞ በጥፊ ጠፈጠፋት፤ ከንፈሯ ለሁለት ተከፈለ። ፖሊሶች ባይጎትቱት እዚያው ሁለተኛ ሬሳ ይኖር ነበር።

የፖሊስ ጣቢያው አዛዥ ነገሩን በሩብ ሰዓት ጨረሰው። ፍሪዘሩን ከፈተና ሃያ አራቱን በረዶ አየ፤ ባለ ሦስት ቀለም ናቸው፣ ቢጫ፣ ነጭ፣ ቀይ። ባለ ሦስት ቀለሙ ደግሞ ሰዓት ማለት ነው። መጀመሪያ ማንጎው ይቀዳል፣ ያዝ ሲያደርግ እንጨቱ ይሰካል። ቀጥሎ ነጩ፣ ሙዝ በወተት። ነጩ እስኪደርቅ አንድ ሰዓት ይጠበቃል፤ ቀዩ፣ በስኳር የፈላ እንጆሪ፣ ከዚያ በፊት አይቀዳም። ይኼን በሰፈሩ የማያውቅ የለም፤ በመስኮቱ አልፈው «የት ደረሰ?» ይላሉ፣ እሷም «ነጩ ላይ ነኝ» ትላለች። የፍሪጅ ጠጋኙ ፍሪዘሩን ሊያይ መጥቶ ነበርና ነጩን ስትቀዳ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ በዓይኑ አይቷል። እንግዲያው ቀዩን የቀዳችው አራት ሰዓት ተኩል ላይ ነው፣ እስከዚያ በሕይወት ነበረች። ከአራት ሰዓት ተኩል በኋላ ደግሞ ጠጋኙ ዳቦ ቤት ምድጃ ሊጠግን ሥሩ ተጋድሟል፣ ልብስ ሰፊዋ ሦስት ደንበኛ እያስለካች ነው፣ ሽቅርቅሩ ፀጉር ቤት ከዚያም ፎቶ ቤት ነው። አምስት ሰዓት ላይ ወደ ቤት የገባች አንዲት ሰው ብቻ ናት። ምራቲቱን ጣቢያ አስገቧት፤ የአራት ወር ሕፃኗን ልብስ ሰፊዋ ወሰደችው። ባሏ የጭነት መኪና ይዞ ሩቅ ነው።

እሑድ ጠዋት እስር ቤት መላኪያው ወረቀት ላይ የመርማሪ ፊርማ ያስፈልጋል ተባለና ወንፊት ተጠራች።

ወንፊት ያሏት መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው። አጭር፣ ድብልብል ያለች፣ ጉልበቷን የሚያማት ሴት ናት፤ ደረጃ ስትወጣ እያጉረመረመች ነው። ሰው ሲያወራ ታስወራዋለች፣ ታስወራዋለች፣ ብናኙ ሁሉ ይወርድና ጠጠሩ እላይዋ ላይ ይቀራል። አዛዡ እንኳን ደህና መጣሽ ብሎ እስክሪብቶውን አቀበላት።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ መኪናው ወደ ትልቁ እስር ቤት ይወስዳታል። ፈርመሽ ሂጂ፣ እሑድሽን አታበላሺ።»

«ሕፃኑስ?»

«ጡጦ ይሰጠዋላ። ፍርድ ቤት እስኪወስን የሷ ልጅ የሷ አይደለም።»

እስክሪብቶውን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ሳትፈርም ወጣች። በልብስ ሰፊዋ በር ስታልፍ የሕፃኑን ለቅሶ ሰማችው። ከትናንት ጀምሮ ጡጦውን እየተፋ ነው፤ ድምፁ ሰልሏል። ሰዓቷን አየች፤ አንድ ተኩል ነው።

ወጥ ቤቱን የሚጠብቀው አስር አለቃ ጡረታው የደረሰ፣ ሆዱ ቀበቶውን የደበቀ ሰውዬ ነው። በሩ ላይ ወንበር ስቦ ተቀምጦ በረዶ ይልሳል።

«ስንተኛህ ነው?» አለችው።

«ሁለተኛዬ ነው አለቃ። ሙቀቱ አይቻልማ። ደግሞ ለባለቤቷ ከእንግዲህ አይጠቅም።»

ልትቆጣው አፏን ከፍታ ነበር፤ ግን ዓይኗ በረዶው ላይ ቀረ። እጇን ዘርግታ ተቀበለችው። ቢጫውና ነጩ በቢላ የተቆረጠ ያህል ተለይተዋል። ነጩና ቀዩ ግን ተደበላልቀዋል፤ ቀዩ ነጩ ውስጥ እየገባ፣ እየተንጠባጠበ፣ የታጠበ ጨርቅ መስሏል። እትዬ በረዶ እንዲህ አድርጋ ሸጣ ብትሆን ኖሮ ሰፈሩ ዓመት ያወራላት ነበር። ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው። ነጩ መሃል፣ ከቀዩ በታች፣ ቢጫው ጋ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው፣ ጥቋቁር ነጠብጣቦች እንደ ትንኝ ተንጠልጥለዋል።

ነጭ ሳህን ፈልጋ አስቀመጠችውና እስኪቀልጥ ጠበቀች። ከነጠብጣቡ አንዱን በጥፍሯ ጫፍ አወጣችው፣ አሸችው፣ አሸተተችው። ከፍሪዘር ሌሎቹንም አንድ በአንድ አውጥታ አየች። አሥራ ስድስቱ ነጠብጣብ የለባቸውም፤ ስድስቱ ውስጥ ነጠብጣብ አለ። ሁለት ጎድሏል።

«አስር አለቃ፣ የመጀመሪያው ምን ምን አለህ?»

«ጣፋጭ ነው። ትንሽ ጨው ጨው ይላል።»

«ደሟ ነው።»

አስር አለቃው ወንበሩን ገልብጦ ጓሮ ደረሰ። አጥሩን ተደግፎ ያወጣው፣ የትናንትናውን ብቻ አይደለም ይላሉ፣ የልጅነቱንም ነው።

ወንፊት በረዶዎቹን ወደ ፍሪዘሩ መለሰቻቸው። ከዚያ ጉልበቷን እየረገመች ወደ ጣቢያ ተመለሰች።

ምራቲቱ ሲሚንቶው ላይ ተቀምጣለች። አንድ ዓይኗ አብጦ ተደፍኗል። ደረቷ ላይ ያለው ልብስ በወተት ርሷል፤ ጡቷ ድንጋይ ሆኖ ክንዷን ማውረድ አቅቷታል። ወንፊት ስለ ጠቡ አልጠየቀቻትም። ስለ በረዶው ነው የጠየቀቻት፤ ልጅቷም ያበደች መሰላት።

«ቀዩን ማነው የሚቀዳው?»

«እሷ ናት። የኔ ሥራ ማብረድ ነው።»

«ምን ማለት ነው?»

«ከምድጃ ሲወርድ ድስቱን ውሃ በሞላ ሳፋ ውስጥ አስቀምጣለሁ። ጣቴን ስከትበት እስኪቀዘቅዘኝ። ትኩሱን ከደፋሽበት ነጩን ያቀልጠዋል፣ ይቀላቀላል፣ የማይሸጥ ነገር ይሆናል። አንድ ቀን ተሳስቼ ለብ ያለ ብቀዳ በጭልፋ ነው ያለችኝ፤ ይኸው።» ጆሮዋ ሥር ያለውን ጠባሳ አሳየቻት። «አርብም እንደዚሁ መታችኝ፣ እጅሽ ይሰበር አልኳት። ብያለሁ። አልክድም።»

«ይኼን የማብረዱን ነገር ሌላ ማን ያውቃል?»

«ማን ያውቃል፣ እሷና እኔ ነን። ሌላው መላስ ነው የሚያውቀው።»

ቅዳሜ ጠዋት የት ነበርሽ ስትላት ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ጤና ጣቢያ ልጇን ልታስከትብ ተሰልፋ እንደነበር ነገረቻት። ካርዱ ላይ ማኅተም አለ፤ አዛዡም አይቶታል፣ ግን የገደልሽው ከአምስት በኋላ ነው ብሎ መልሶላታል። ወንፊት ልትወጣ ስትነሳ ልጅቷ ቀሚሷን ያዘቻት።

«ልጄ ጠባ?»

ወንፊት መዋሸቱን ብታውቅበትም አልዋሸቻትም። እንቢ ብሏል አለቻት። ከዚያ ፈጠን ብላ ወጣች።

የፍሪጅ ጠጋኙን ቤቱ በር ላይ ካርቦን የጠገበ ሱሪ ለብሶ ነው ያገኘችው። ነገረኛ ነው፤ ለአሮጊቷ ፍሪዘሩን አራት ጊዜ ጠግኖ አራት ጊዜ ተሰድቧል። የሚያውቀውን ሳይሰስት አራገፈው። ነጩን ስትቀዳ አይቷል፣ እንጆሪው በዚያች እጀታዋ በምትወዛወዝ ድስት ምድጃ ላይ ይንተከተክ ነበር፣ ፎርማዎቹን ጠረጴዛው ላይ ደርድራ «አሁን ውጣልኝ፣ እንግዳ አለኝ፣ ዛሬ የማናግራት ሙሽራ አለችኝ» ብላ አባረረችው። ሙሽራ የተባለችው ማን እንደሆነች አልጠየቀም፤ እሱ ምን ቸገረው።

ልብስ ሰፊዋ ግን ጠይቃለች፣ አልጠየቅኩም ብትል ማን ያምናታል። ሕፃኑን ትከሻዋ ላይ እያወዛወዘች የሽቅርቅሩን እጮኛ ነው አለች፣ አበባ ሻጯን። ወንፊት ሻይዋን ተቀብላ አንድ ጊዜ «እህ» አለች፤ ሌላው በራሱ መጣ። ሽቅርቅሩ ድሮ ሚስት ነበረው። ያቺ ሚስት አንድ ቀን በአንድ ዓይኗ ቀረች፣ ከሳምንት በኋላ ሻንጣዋን ይዛ ጠፋች። ያን ዕለት ደሟን ያጠበችላት፣ ጨርቁን ያቃጠለችው፣ ለሰው አታውሪ ያለቻት እትዬ በረዶ ናት።

«ደረጃ ላይ ወድቄ ነው አለች» አለች ልብስ ሰፊዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ከደረጃ የወደቀ ሰው ዓይኑ ብቻ ይጠፋል? ክንዱስ? ጉልበቱስ?»

«እያወቅሽ ትናንት በዚያች ልጅ ላይ ጮኽሽ?»

ልብስ ሰፊዋ ሕፃኑን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛወረችው። 

አበባ ሻጯ ዓይኗ በለቅሶ አብጧል፣ ግን ጭንቅላቷ በቦታው ነው። አዎ፣ እትዬ በረዶ ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ነይ፣ ከፎቶው በፊት የምነግርሽ አለኝ ብላ ልካባት ነበር። አርብ ማታ ለሽቅርቅሩ ነገረችው፤ ሳቀ፣ አሮጊት ናት ተያት፣ እኔው አናግራታለሁ አላት። ቅዳሜ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ከፀጉር ቤቱ ደውሎ ወደዚህ ነይ አላት፤ አብረው ፎቶ ቤት ሄዱ። ፎቶው እጇ ላይ ነበር። እሷ ነጭ ለብሳ ትስቃለች፣ እሱ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ቀኝ እጁ ኪሱ ውስጥ ነው።

«እጁን ለምን ደበቀው?»

«ፋሽን ነው አለኝ።»

ወንፊት በመጨረሻ ፀጉር ቤት ገባች፣ ጥቂት ቆይታ ወጣች፣ ከጥግ ሱቅ ሎሚ ገዛች። ወጥ ቤቱ ስትመለስ አስር አለቃው ፊቱ አመድ መስሎ ተቀምጧል። ሎሚውን በውሃ በጥብጣ ትንንሾቹ ፎርማዎች ላይ ቀዳችና ፍሪዘር ውስጥ ከተተች። አስር አለቃው አየት አደረጋትና ለማን ነው አላት። ለእንግዶች ነው አለችው። እኔ አልጠራም አላት።

ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉም ወጥ ቤቱ ውስጥ ቆመዋል። አዛዡ እጁን አጣምሮ ሰዓቱን ያያል። ልብስ ሰፊዋ ሕፃኑን ይዛለች፤ ማልቀስ አቅቶት ያቃስታል። ጠጋኙ መፍቻውን ከኪሱ አላወጣም። አበባ ሻጯ ከሽቅርቅሩ ራቅ ብላለች። ሽቅርቅሩ ጥቁር ሱፍ ለብሷል፤ በቀኝ መዳፉ የታጠፈ መሐረብ ይዟል፣ ዓይኑን የሚጠርገው ግን በግራው ነው። ወንፊት ከፍሪዘሩ አወጣችና ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ የሎሚ በረዶ አደለቻቸው፤ ልብስ ሰፊዋን ሕፃን ይዛለችና ተወቻት።

«እንዳትበሉት። እንጨቱንም አትያዙት። በረዶውን በቀኝ እጃችሁ ጨብጡልኝ፣ እስክጨርስ።»

አዛዡ ይኼ የልጆች ጨዋታ ነው ሊል ነበር፤ ወንፊት እርስዎም ይጨብጡ አለችው። ጨበጠ። ሽቅርቅሩ መሐረቡን ወደ ኪሱ ከተተና ማንም መዳፉን ሳያይ ጣቶቹን በበረዶው ላይ ዘጋ።

«ሁላችንም ሰዓት የቆጠርነው በቀለሙ ነው» አለች ወንፊት። «ቀዩ ተቀድቷል፣ ስለዚህ እስከ አራት ተኩል ነበረች አልን። ቀዩን ማን ቀዳው ብሎ የጠየቀ የለም።»

ከነጩ ሳህን ላይ ለሁለት የሰበረችውን በረዶ አሳየቻቸው፤ ነጩ ውስጥ ነጠብጣቡ ይታያል።

«ይኼ የሷ ደም ነው። ከቀዩ በታች ነው። ስትመታ ቀዩ ገና አልተቀዳም ማለት ነው፤ ጭንቅላቷ የተፈረከሰ ሴት ተነስታ እንጆሪ አትቀዳም። ደግሞ ነጩ ላይ አልቀረም፣ ወደ ውስጥ ሰምጧል። ነጩ ደርቆ ቢሆን ኖሮ ደሙ እላዩ ላይ ይቀር ነበር። ነጩ ገና ፈሳሽ ነበር። የተቀዳው ሦስት ተኩል ላይ ነው፣ ጠጋኙ አይቷል። እንግዲህ የሞተችው ከአራት ሰዓት በፊት ነው።»

ጠጋኙ በረዶውን ወደ ግራ እጁ አዛወረ። አዛዡም አዛወረ፤ ጣቱን አራገፈ።

«ከሦስት እስከ አምስት ምራቲቱ ጤና ጣቢያ ነበረች፤ ማኅተሙን አዛዡ አይተውታል። ቀዩን የቀዳው ገዳዩ ነው። ለምን? ሰፈሩ ሰዓቱን በበረዶ እንደሚቆጥር ያውቃላ። ቀዩን ቀድቶ ፍሪዘር ውስጥ ከከተተው ሁላችንም እስከ አራት ተኩል ነበረች እንላለን። እሱ እስከዚያ ልብሱን ለውጦ ሌላ ቦታ ይደርሳል። ጥሩ አስቧል። አንድ ነገር ብቻ አያውቅም።»

«ምን?» አለ አስር አለቃው፤ ሳያስበው ነው።

«እንጆሪው መብረድ አለበት። ይኼን ሥራውን የሠራ ብቻ ነው የሚያውቀው። እሱ ከምድጃው ላይ አንስቶ፣ ነጩ ገና ሳይደርቅ፣ እየፈላ ገለበጠው፤ ለዚህ ነው የተደበላለቀው። ስኳር ገብቶበት የፈላ ነገር ደግሞ ቆዳ ላይ ካረፈ እንደ ሙጫ ይያዛል፣ ውሃም አያላቅቀውም። እጀታው በሚወዛወዝ ድስት፣ በችኮላ፣ እጁ በደም እያንሸራተተው።»

አበባ ሻጯ በረዶዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ጣቷ ቀልቷል። ወንፊት ዙሪያውን አየች። ሁሉም በረዶውን እያገላበጠ፣ እየነፋ፣ ከእጅ ወደ እጅ እያዛወረ ነው። አንድ ሰው ብቻ ጭብጥ አድርጎ ይዞታል። ውሃው በክርኑ እየወረደ የሱፉን እጅጌ አርሶታል፤ እሱ ግን ከትናንት ጀምሮ የተጨማደደው ፊቱ ፈታ ብሏል፣ ዓይኑም ትንሽ ተከድኗል።

«እርስዎን አይቀዘቅዝዎትም?» አለችው።

ሽቅርቅሩ ነቃ። ሁሉም እያየው ነው።

«እችላለሁ» አለ።

«ደስም ይልዎታል፤ የተቃጠለ እጅ ቅዝቃዜ ይወዳል። ትናንት ፀጉር ቤት ገብተው ከመቀመጥዎ በፊት ቀዝቃዛ ውሃ በሳህን አስቀድተው፣ ፀጉርዎ እስኪያልቅ እጅዎን ነክረው ነበር። ሚስማር ወጋኝ ብለዋል፤ ፀጉር አስተካካዩ ግን ደም አላየም። በፎቶው እጅዎ ኪስ ውስጥ ነው። ምራቲቱን የመቱት በግራዎ ነው። ዛሬ መሐረቡን ከመዳፍዎ አላወጡትም።» ድምፅዋ አልጨመረም። «እህትህ ለዚህች ልጅ የመጀመሪያ ሚስትህን ዓይን ማን እንዳጠፋው ልትነግራት ነበር። መዳፍህን ክፈት።»

«እርስዎ»ን ጥላ «አንተ» ስትለው ነው ልኩን ያወቀው። አልከፈተም። በረዶውን ፊቷ ላይ ወረወረው፤ ግንባሯን ፈነከታት። በዚያው ቅጽበት አበባ ሻጯን ከጀርባ በፀጉሯ ይዞ ወደ ምድጃው ጎተታት፤ አንዱ እጁ ጉሮሮዋ ላይ ነው፣ ዓይኗ ሲገለበጥ ታየ። አዛዡ ሽጉጡን ለማውጣት ከቀበቶው ጋር ታገለ። ጠጋኙ አልታገለም። መፍቻውን አወጣና ክርኑ ላይ አሳረፈበት፤ የተሰበረው አጥንት ድምፅ ከደረቅ እንጨት አይለይም። ሽቅርቅሩ ተዝለፍልፎ ሲወድቅ አስር አለቃው እንዳለ መጥቶ ደረቱ ላይ ተቀመጠበት። ሰውየው አየር ሊስብ አፉን ቢከፍት አልገባለትም።

መዳፉን አስር አለቃው ነው የከፈተው፣ ጣት በጣት። ከአውራ ጣቱ ሥር እስከ አንጓው ቆዳው ተልጦ፣ ቀይ ስኳር እንደ ቅርፊት ተጣብቆበታል።

ከወለሉ ላይ ሆኖ እያለቀሰ ተናገረ። ልለምናት ነበር የመጣሁት አለ። አሮጊቷ ጀርባዋን ሰጥታው ነጩን ቀድታ እየጨረሰች፣ ያቺን ልጅ ደሟን ሳጥብልህ አልፈረድኩብህም፣ አሁን ግን ሌላ ዓይን አላጥብም አለችው። ዝም በይ አላት። እንጨቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

«ከወደቀች በኋላም እያወራች ነበር» አለ። «ዝም በይ እያልኳት እያወራች ነበር።»

አበባ ሻጯ ጉሮሮዋን ይዛ ግድግዳው ሥር ተቀምጣለች። ከጣቷ ቀለበቱን አወጣችና ወለሉ ላይ ጣለችው፤ ማንም አላነሳውም።

አዛዡ ያልፈረመችውን ወረቀት ቀዶ እስክሪብቶ ፈለገ። እስክሪብቶዎ እኔ ጋ ነው አለችው፣ ከቦርሳዋ አውጥታ የምራቲቱን መልቀቂያ ወረቀት እዚያው አስጻፈችው። ለመጻፍ ዘገየ፤ ጣቱ ገና አልሞቀም።

ለትልቁ እስር ቤት የተጠራው መኪና ሽቅርቅሩን ጭኖ ሄደ፤ ሌላው መኪና ምራቲቱን ሩብ ጉዳይ ለዘጠኝ ላይ አመጣት። ሰፈሩ በጓሮ ክፍሏ በር ላይ ተኮልኩሏል። ትናንት ድንጋይ የያዙት እጆች ዛሬ ዳቦ፣ ወተት፣ ነጠላ ይዘዋል። አንዷ «እኛ እኮ ምን እናውቃለን» ስትል ሌላዋ «እኔስ መጀመሪያም አላመንኩም» ትላለች። ልብስ ሰፊዋ ሕፃኑን ስታቀብላት ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም። ይቅርታ ልትል ጀምራ መሃሉ ላይ ጠፋባት።

ሕፃኑ ያበጠውን ፊት አየና ፈርቶ ጮኸ፤ እናቱን አላወቃትም።  ልጅቷ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠችና ያን ፊቷን ወደ ሌላ አዙራ ደረቷን ብቻ ሰጠችው። ሕፃኑ ትንሽ አሸተተ፣ ዞር ዞር አለ፣ ያዘ። ወተቱ በአንድ ጊዜ መጥቶ አነቀው፤ ሳለ፣ እንደገና ያዘ። ልጅቷ ሕመሙን በጥርሷ ይዛ ዓይኗን ጨፈነች።

በሩ ላይ ሰዉ እየተጋፋ አንገቱን ያሰግጋል። አዛዡም መጥቶ ቆሟል፣ ኮፍያውን አውልቆ።

ልጅቷ ዓይኗን ሳትገልጥ ወንፊትን ጠራቻት።

«እትዬ፣ ይቅርታቸውን ይዘው ይሂዱ። በሩን ዝጊልኝ።»

ወንፊት የአዛዡን ደረት በመዳፏ ገፋ አድርጋ ወደ ውጭ መለሰችው፣ በሩንም ከውስጥ ቀረቀረችው።